ሁለት የብላክጃክ ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ እንዴት ይቆጠራል?

በብላክጃክ (ከ21 ሳያልፉ የካዚኖውን ካርታ አዳይ ለመብለጥ በሚሞከርበት ጨዋታ) ካርታ መቁጠር፣ ማለትም የወጡትን ካርታዎች እየተከታተለ የቀሩት ይመቹት እንደሆነ ማወቅ የለመደ ሰው ብዙ ሳይቆይ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «እኔ የምቆጥረው ጠረጴዛ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ ይሞቃል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም?» (ጠረጴዛ ይሞቃል የሚባለው ያልወጡት ካርታዎች ለተጫዋቹ ሲመቹ ነው፤ ካልተመቹ ቀዝቃዛ ነው።) ይቻላል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በቃል መመለሱ ስላደከመኝ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ብዙዎች ሁለት ጠረጴዛ መያዝ በእጥፍ ፍጥነት መቁጠር ይመስላቸዋል። አይደለም። አምስት ተጫዋች ያለበት ጠረጴዛ በሰዓት በግምት ከ60 እስከ 70 ዙር ይጫወታል፤ አንዱ ዙር ወደ ደቂቃ ይጠጋል ማለት ነው። ከዚያ ደቂቃ ውስጥ የእርስዎን ዓይን የሚፈልገው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ተጫዋቾች የሚያመነቱበት፣ አዳዩ የሚከፍልበትና ካርታ የሚሰበስብበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዋናው ችሎታ መቼ ማየት እንዳለብዎ ማወቅ ነው፤ ከእሱም በላይ ደግሞ ያላዩትን ካርታ በትክክል መያዝ።

በቃላት እንግባባ። «ጥቅል» ስል 52 ካርታ ማለቴ ነው። ከ2 እስከ 6 ያሉት ካርታዎች +1፣ 7፣ 8 እና 9 ዜሮ፣ አሥር ቁጥር፣ ባለ ሥዕሎቹና አስ −1 ናቸው። እየደመሩ የሚሄዱት ቁጥር «ጥሬ ድምር» ነው፤ ይህን ላልታዩት ጥቅሎች ብዛት ሲያካፍሉ «የተጣራ ድምር» ያገኛሉ። የተጣራው ድምር በ1 በጨመረ ቁጥር የተጫዋቹ ዕድል በግማሽ በመቶ ያህል ይሻሻላል። ጥሩ ሕግ ባለው ጠረጴዛ ካዚኖው ሲጀመር ግማሽ በመቶ ያህል ብልጫ ስላለው በ+1 ሁለታችሁም እኩል ናችሁ፤ ከ+2 ጀምሮ ብልጫው ወደ እርስዎ ይዞራል። ይህ አንቀጽ አዲስ ከሆነብዎ መመሪያውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩትና አንድ ጠረጴዛ በመቁጠር ይጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 12 ጥቅል ካርታ፤ የ6ቱ ጀርባ አንድ ቀለም፣ የ6ቱ ሌላ ቀለም ቢሆን ይመረጣል (ሲደባለቁ ለመለየት)
- ሴኮንድ የሚያሳይ ሰዓት
- ደብተርና እርሳስ፤ ለቤት ልምምድ ብቻ
- የመሠረታዊ ስልት ሰንጠረዥ (ለእያንዳንዱ እጅ የሚሻለውን ውሳኔ የሚያሳይ)፤ በቃልዎ እስኪያዝ ድረስ
- በልምምድ መሐል ሆን ብሎ የሚያቋርጥዎ ሰው
- ቢጠፋ ኑሮዎን የማያናጋ፣ ለብቻው የተቀመጠ ገንዘብ

አሠራሩ

1. በአንድ ጠረጴዛ ራስዎን ይፈትኑ።

አንድ ጥቅል በውዘው ሦስት ካርታ ሳያዩ ያስቀምጡ። የቀረውን በ25 ሴኮንድ ውስጥ ይቁጠሩና የተደበቁት ሦስቱ ምን ያህል እንደሚደመሩ ይናገሩ። የሙሉ ጥቅል ድምር ዜሮ ስለሆነ እርስዎ +2 ላይ ከቆሙ የተደበቁት −2 መሆን አለባቸው። ይህን አሥር ጊዜ ተከታትለው ካልሳቱ ይለፉ። አሥሩን የምጠይቀው ለማስቸገር አይደለም። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ የሚያመነታ ሰው በሁለት ጠረጴዛ ላይ ማመንታቱ እጥፍ አይሆንም፤ ሁለቱም ቁጥሮች ባንድ ጊዜ ይጠፉበታል።

2. ጠረጴዛዎቹን ይምረጡ።

ሁለቱም በ6 ጥቅል የሚጫወቱና አንድ ዓይነት ሕግ ያላቸው ይሁኑ። የተለያየ ከሆነ በማካፈያው ላይ ይደናገራሉ። ብላክጃክ (አስና አሥር ዋጋ ያለው ካርታ ባንድ ላይ የመጡበት እጅ) 3 ለ 2 መክፈሉን ያረጋግጡ፤ 6 ለ 5 የሚከፍል ጠረጴዛ ለካዚኖው ተጨማሪ 1.4 በመቶ ያህል ስለሚሰጥ ቆጠራዎ የሚያመጣውን ሁሉ ይበላል። መቁረጫ ካርታው (ሲወጣ ካርታው እንደገና የሚበወዝበት ምልክት) የት እንደሚገባም ይመልከቱ፦ ከ6ቱ ቢያንስ 4 ከግማሽ ጥቅል የማይወጣ ከሆነ አይድከሙ። ካርታን ያለማቋረጥ በሚበውዝ ማሽን ላይ፣ ወይም ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ እጅ አዲስ ካርታ በሚያወጣበት የስክሪን ጨዋታ ላይ መቁጠር ከንቱ ነው፤ ካርታው ወደ ኋላ ስለሚመለስ ትናንት የታየው ለዛሬ አይነግርዎትም። በሳጥኑ (ካርታው እየተሳበ በሚታደልበት ዕቃ) መሐል፣ ማለትም እስኪበወዝ ድረስ፣ አዲስ ተጫዋች አይገባም የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠረጴዛም ይለፉት፤ ቆመው የቆጠሩትን ተቀምጠው ሊጠቀሙበት አይችሉም።

በየጠረጴዛው አራት ወይም አምስት ተጫዋች ቢኖር ጥሩ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ጠረጴዛ ለዚህ ሥራ በጣም ይፈጥናል። አንዱ ሲበወዝ ሌላው መሐል ላይ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት።

3. መቆሚያዎን ያግኙ።

የሁለቱንም ጠረጴዛ ካርታ፣ የሁለቱንም የተጣሉ ካርታዎች ማስቀመጫ ራስዎን ትንሽ ብቻ በማዞር የሚያዩበት ቦታ መሆን አለበት። ማስቀመጫውን ካላዩ ስንት ጥቅል እንደወጣ አያውቁም፤ ያንን ካላወቁ ደግሞ ጥሬውን ድምር ማጣራት አይችሉም። አንገትዎን ወዲያ ወዲህ የሚያስወዛውዝ ቦታ ዓይን ይስባል፣ ያደክማልም።

4. ሁለቱን ቁጥሮች በተለያየ ዕቃ ያስቀምጡ።

አእምሮ ሁለት ተመሳሳይ ቁጥሮችን በቃል ለመያዝ ሲሞክር አንዱን በሌላው ይተካል። መድኃኒቱ አንዱን በቃል፣ አንዱን በአካል መያዝ ነው። የግራውን ጠረጴዛ በልብዎ ይበሉት፦ «ግራ፣ ሲደመር አራት»። የቀኙን በጣት አንጓ ይያዙት። አራቱ ጣቶች እያንዳንዳቸው ሦስት አንጓ አላቸውና አንድ እጅ እስከ 12 ይይዛል። የቀኝ እጅ አውራ ጣት የነካው አንጓ የመደመር፣ የግራ እጅ የነካው የመቀነስ ነው። ከ12 በላይ ከሄደ ችግር የለም፦ ከ+12 ከበለጠ ተቀምጠው መጫወት ነበረብዎ፤ ከ−12 ከወረደ ጠረጴዛውን መጣል ነበረብዎ።

ሕጉ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ዓይንዎን ያንሱ። ቁጥሩን ሳያስቀምጡ ወደ ሌላው ጠረጴዛ የዞረ ዓይን ሲመለስ የሚያገኘው ባዶ ነው።

5. በየዙሩ ሁለት ጊዜ ብቻ ይመልከቱ።

የመጀመሪያው እይታ ለሁሉም ሁለት ሁለት ካርታ ታድሎ የመጀመሪያው ተጫዋች ገና ሳይወስን ያለው ጊዜ ነው። አምስት ተጫዋች ካለ 10 ካርታና የአዳዩ ግልጽ ካርታ፣ በድምሩ 11 ይታያል። አንድ በአንድ አይቁጠሩ፤ ያጣፉ። ንጉሥና 5 ይጣፋሉ፣ አስና 3 ይጣፋሉ፤ የቀሩትን ብቻ ይውሰዱ። ከተለማመዱ አራት ሴኮንድ ይበቃል።

ሁለተኛው እይታ አዳዩ የተሸፈነ ካርታውን ሲገልጥ ነው። ያኔ የሚቆጥሩት አዲሶቹን፣ ማለትም ከሁለተኛው ካርታ በኋላ የመጡትንና የአዳዩን ቀሪ ካርታዎች ነው። ለሁለት የተከፈለ እጅ ካዩ ከሥር ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ቀድመው የቆጠሯቸው ናቸው፤ ከላያቸው ያሉት ሁሉ አዲስ ናቸው።

በመሐሉ የሚያመልጥ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከ21 ያለፈ እጅ የዙሩ መጨረሻ ሳይደርስ ወዲያው ይሰበሰባል። ሁለተኛው እይታዎ ላይ የለም። ያ እጅ የወደቀበት ካርታ ደግሞ እንዲሁ ያለ ካርታ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ትልቅ ነው። 12 የያዘ ሰው የሚወድቀው አሥር ዋጋ ባለው ካርታ ብቻ ነው። 16 የያዘው ከ6 እስከ 10 ባለው ይወድቃል፤ ከእነዚያም ግማሹ አሥር ዋጋ ያላቸው ናቸው። የወደቁትን እንደሌሉ ከቆጠሩ በጠረጴዛው ላይ የሚቀሩት ትንንሾቹ ብቻ ስለሚሆኑ ድምርዎ ቀስ በቀስ ከእውነቱ በላይ ይንሳፈፋል፤ ያለ ምክንያት ትልቅ ገንዘብ ይመድባሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ያዩት እጅ ሁለተኛው እይታ ላይ ከጠፋ −1 ብለው ይያዙለት። ትክክለኛው አማካይ ከዚያ ያነሰ ቅናሽ ነው፤ ነገር ግን ስህተቱ ወደ ጥንቃቄ ማድላቱ አይከፋም።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ሕግ አለ፦ መጀመሪያውን ያላዩትን ዙር መጨረሻውን አይቁጠሩ። የሚያዩት የተረፉትን እጆች ብቻ ነውና ቁጥሩ ያጋደለ ይሆናል። መጀመሪያውን አይቶ መጨረሻውን ማጣት ግን ምንም አይደለም፤ ምክንያቱ በሚቀጥለው ደረጃ ነው።

6. ያላዩትን ካርታ እንዳልወጣ ይቁጠሩት።

ሁለቱም ጠረጴዛዎች ባንድ ጊዜ እይታ ሲፈልጉ ድምሩ ከፍ ያለውን ይመልከቱና የሌላውን ዙር በሙሉ ይተዉት። አንድ ዙር ማጣት ድምሩን አያበላሸውም። ያላዩት ካርታ በተጣሉት ማስቀመጫ ውስጥ ቢሆንም፣ በሳጥኑ ጥግ ከመቁረጫው ካርታ ኋላ ቢሆንም ለእርስዎ አንድ ነው፦ ምን እንደሆነ አያውቁትም። የሚቀየረው ማካፈያው ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው። ከ6 ጥቅል 2ቱ ወጥተው ማስቀመጫው ውስጥ ይታያሉ፤ ጥሬ ድምርዎ +8 ነው። ለ4 ቢያካፍሉ +2 ይመጣና ለመቀመጥ ይቸኩላሉ። ነገር ግን በመሐል ሁለት ዙር አምልጦዎታል። አምስት ተጫዋች ያለበት አንድ ዙር 16 ያህል ካርታ ይበላል፤ ሁለቱ 32፣ ማለትም ከግማሽ ጥቅል በለጥ ያለ ነው። ስለዚህ ያላዩት 4 ሳይሆን 4 ከግማሽ ነው፤ የተጣራው ድምርም 1.8 ላይ ይቆማል። ገና ነው።

ያመለጠዎትን ዙር ለመቁጠር ሌላ አንጓ አያስፈልግም። በየጠረጴዛው «አንድ አጣሁ፣ ሁለት አጣሁ» ማለት ይበቃል፤ ሦስት ሲያጡ አንድ ጥቅል አጣሁ ብለው ቢይዙት ከእውነቱ ብዙም አይርቁም፤ ከአራት በላይ ሲሆን ያንን ጠረጴዛ ይልቀቁት። ሳይሳሳቱ ልብ ይበሉ፦ ለማካፈል ያላዩትን ይጨምራሉ፤ ከመበወዙ በፊት ስንት ዙር እንደቀረ ለማወቅ ግን የሚያዩት ማስቀመጫውን ብቻ ነው።

ማካፈል ለሚከብደው አንድ ሌላ መንገድ አለ። ከ2 እስከ 7 +1፣ 8 እና 9 ዜሮ፣ ከአሥር እስከ አስ −1 የሚል አቆጣጠር ነው። 7ቱ ስለተጨመሩ አንድ ጥቅል ሲያልቅ +4 ላይ ይቆማል። በ6 ጥቅል ከ−20 ይጀምሩና ቁጥሩ +4 ሲደርስ ምንም ሳያካፍሉ የተጣራው ድምር +4 መሆኑን ያውቃሉ። ለሁለት ጠረጴዛ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፦ በዚያች ነጥብ ላይ ስንት ካርታ እንዳመለጠዎት ምንም ለውጥ አያመጣም። ጉድለቱ ከ+4 በታች ያለው ሁሉ ግምት መሆኑ ነው፤ ብዙው ዕድል ደግሞ ያለው እዚያ ታች ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። በሁለቱ መንገዶች ግን በየቀኑ አይቀያየሩ።

7. እስከዚህ ያለውን ቤት ውስጥ ይለማመዱ።

ሁለቱን ባለ 6 ጥቅል ክምሮች በውዘው በግራና በቀኝ ያስቀምጡ። ከግራው 11 ካርታ ይግለጡና በአምስት ሴኮንድ ቆጥረው ይሸፍኑ፤ ከቀኙ 11፤ ወደ ግራው ተመልሰው 5፤ ከቀኙ 5። ይህ የእውነተኛውን ዙር ትርታ ይመስላል። ከየክምሩ 4 ጥቅል ተኩል ሲወጣ ያቁሙ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ደብተር ላይ ይጻፉ፣ የቀሩትን ካርታዎች ቆጥረው ያመሳክሩ፦ የቀሩት ድምር የእርስዎ ቁጥር ተቃራኒ መሆን አለበት። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አጠገብዎ ያለው ሰው ስልክ ቁጥርዎን፣ የልደት ቀንዎን፣ ሰዓት ስንት እንደሆነ ይጠይቅዎ። ቁጥር የሚጠይቅ ጥያቄ ነው የሚያፈርሰው። ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ አይረብሽም።

በሁለቱም ክምር ከ1 በላይ ሳይስቱ አሥር ጊዜ ሲጨርሱ ዝግጁ ነዎት።

8. የማይረባውን ጠረጴዛ ቶሎ ይጣሉ።

አንድ ጥቅል ተኩል ወጥቶ የተጣራው ድምር ከ−1 በታች ከሆነ ያንን ይተዉትና አሁን በተበወዘ ሌላ ጠረጴዛ ይተኩት። በመሐል ላይ የደረሱበትን ጠረጴዛ ከዜሮ ጀምረው መቁጠር ይችላሉ፤ ያለፉትን እንዳልታዩ ይይዛሉ። ነገር ግን ማካፈያው ትልቅ ሆኖ ስለሚቀር ብዙውን ጊዜ የተጣራው ድምር +2 ሳይደርስ ሳጥኑ ያልቃል። ለዚህ ነው አዲስ የተበወዘው የሚመረጠው።

9. የትኛው ላይ እንደሚቀመጡ ይወስኑ።

አንዱ ብቻ +2 ከደረሰ ጥያቄ የለም። ሁለቱም ሲሞቁ ብዙዎች ትልቁን ቁጥር ይመርጣሉ፤ የቀረውን ዙር ሳይመለከቱ። የግራው +3 ነው፤ መቁረጫ ካርታው ሊወጣ ሩብ ጥቅል ቀርቶታል። የቀኙ +2 ነው፤ ሁለት ጥቅል ተኩል ቀርቶታል። ሩብ ጥቅል 13 ካርታ ነውና አንድ ዙር ይጫወታሉ። ሁለት ጥቅል ተኩል 130 ካርታ ነው፤ ስምንት ያህል ዙር ይሆናል። በ+3 ብልጫዎ 1 በመቶ ስለሆነ ሁለት እጥፍ ቢመድቡ እንኳ የአንድ ዙር ዋጋው የአንድ መደብ 2 በመቶ ነው። በ+2 ግማሽ በመቶ በአንድ መደብ ለስምንት ዙር 4 በመቶ ይሆናል። የተጣራው ድምር ወደፊት ሊወጣም ሊወርድም ይችላል፤ በአማካይ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ወደ ቀኙ ይሂዱ።

አንዴ ከተቀመጡ ሌላውን ይልቀቁት። ጎረቤቱ በደንብ የሚታይ ከሆነና መሠረታዊው ስልት ያለ ሐሳብ ከእጅዎ የሚወጣ ከሆነ መከታተል ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ግን ትልቅ ገንዘብ ከፊትዎ ባለበት ሰዓት ነው ትኩረት የሚከፍሉት። ሦስተኛ ጠረጴዛ ያማረዎት እንደሆነ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ያምጡ እንጂ ሦስተኛ ቁጥር አይጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ

በአእምሮ መቁጠርና መሣሪያ መጠቀም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የሚቆጥር ቁልፍ ወይም ሌላ መሣሪያ በካዚኖ ውስጥ ለቆጠራ መጠቀም በኔቫዳ ወንጀል ነው። በሌሎችም ቦታዎች ተመሳሳይ ሕግ ስላለ የሚሄዱበትን አገር ሕግ አስቀድመው ያንብቡ። ደብተሩ ቤት ይቅር ያልኩትም ለዚህ ነው።

መቁጠር ወንጀል ባልሆነበት ቦታም ካዚኖው አይጫወቱብን ሊልዎ ይችላል። ከተባሉ ቺፕዎን ሰብስበው ይውጡ፤ አይከራከሩ።

ብልጫ ማለት ትርፍ ማለት እንዳይመስልዎ። በ1 በመቶ ብልጫ 100 እጅ ቢጫወቱ የሚጠበቀው ትርፍ አንድ መደብ ብቻ ነው። በዚያው 100 እጅ ውስጥ የሚገጥምዎት የተለመደ መዋዠቅ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም 11 መደብ ያህል ነው። ሁሉን በትክክል ሠርተው ለሳምንታት ሊከስሩ ይችላሉ። የከሰሩትን ዛሬውኑ ለመመለስ መደብ መጨመር ካሰኘዎት፣ ወይም ለኑሮ የተቀመጠውን ገንዘብ ማሰብ ከጀመሩ ያን ዕለት ቆጠራ አይሠራም፤ ቤትዎ ይግቡ።

የተለመዱ ስህተቶች

ከሁሉ የሚብሰው ቁጥሮችን መለዋወጥ ነው። እኔ ራሴ አንድ ምሽት ግራና ቀኙን ቀያይሬ በ−3 ጠረጴዛ ላይ እንደ ሞቀ ቆጥሬ አራት ዙር ሙሉ ትልቅ መደብሁ። ያወቅሁት አንጓዬን ሳይ ነው፦ ልጫወትበት የሚገባው ቁጥር አሁንም እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንበር ከመሳቤ በፊት የጠረጴዛውን ስምና ቁጥሩን አንድ ላይ በልቤ እላለሁ፤ ስሙና ቁጥሩ አብረው ካልመጡ አልቀመጥም።

ሌላው አዳዩ ሲበውዝ ቁጥሩን ወደ ዜሮ አለመመለስ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ የማይታሰብ ስህተት ነው፤ በሁለት ላይ ግን አንዱ የተበወዘው ጀርባዎን ሰጥተው ሳለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ጠረጴዛ ሲመለሱ ከካርታው በፊት ማስቀመጫውን ይዩ። ከቅድሙ ካነሰ ተበውዟል።

ግምትን እንደ እርግጠኛ ቁጥር መያዝም አለ። «+5 ወይም +6 ነበር» ብለው ካመነቱ +5 ነው። «+2 ወይም +6» ከሆነ ግን ቁጥር የለዎትም፤ ያንን ጠረጴዛ ይተዉትና እስኪበወዝ በአንዱ ይቀጥሉ።

የመጨረሻው ድካም ነው። ሁለት ጠረጴዛ ከ40 ደቂቃ በላይ ያለ ዕረፍት ይዞ በትክክል የሚቆጥር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስህተት ደግሞ አይታወቅም፤ ቁጥሩ አሁንም በልብዎ አለ፣ አንጓውም አለ፣ ትክክል ብቻ አይደለም። በ40ኛው ደቂቃ ሁለቱንም ጥለው ይውጡ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ሲመለሱ አዲስ ከተበወዘው ይጀምሩ።